የቨርለን ዱዴክ ሃያኛው ጨዋታ

ከተማ ያለ ከንቲባ ይኖራል። ያለ ሐኪምም ለጊዜው ይኖራል፤ እኛ ሁለት ዓመት ኖረናል። ያለ አራሚ የሚኖር ከተማ ግን እስካሁን አላየሁም። አራሚ ስል ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወግ ይዛችሁ፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቷችሁ፣ ልክ የሚያስቀው ቦታ ላይ ስትደርሱ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ "ማክሰኞ አልነበረም፤ ረቡዕ ነው" የሚለው ሰውዬ ነው።

ለእኛ ለኦልደን ፎልስ ሰዎች የደረሰን ክቡር አቶ ቨርለን ዱዴክ ናቸው። የኦልደን ኮሌጅ የቤዝቦል ኮከብ፣ የጦር ሠራዊቱ የቀድሞ ባልደረባ፣ ጡረታ የወጡ የአውራጃው የሚዛንና የመለኪያ ተቆጣጣሪ፣ እንዲሁም በእኔ ላይ የታዘዙ መቅሰፍት። ከዚህ በኋላ "እሱ" እለዋለሁ፤ አብሮ አደጌ ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስልሳ ስድስቱን ከቨርለን ጋር አሳልፌያለሁ። ሁለቱን ዓመት ጦር ሠራዊት ስለነበረ ስልሳ አራት ተብሎ መጻፍ እንደነበረበት፣ ይህ ጋዜጣ በወጣ ማግስት በሬን አንኳኩቶ ይነግረኛል። ደክሞኛል።

ሌላው አራሚ የሚያርመው ራሱን ከፍ ለማድረግ ነው። ቨርለን የሚያርመው ራሱን ዝቅ ለማድረግ ነው። ይሄኛው የባሰ ያደክማል፤ ሰውየውን መጥላት አይቻልማ።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካያችን ድዌይን መቀሱን ይዞ፣ ለሚጠባበቁት ሁሉ እንዲሰማ፣ "ይሄ የምታዩት ሰው ኳስ መትቶ ከእህል ጎተራው ባሻገር አሳልፏል!" ብሎ ጮኸ። ቨርለን አንገቱ ድረስ በጨርቅ እንደተሸፈነ፣

"ለትክክለኛነቱ ያህል፣ ጎተራው የተሠራው እኔ ኮሌጅ ከጨረስኩ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው" አለ።

"እሺ፣ ኳሷስ የት ደረሰች?"

"ተይዛለች።"

ድዌይን የቀረውን ፀጉር መቁረጥ ቀጠለ።

የበርኒስ ኦልሰን ቀብር ዕለት ደግሞ ቄሱ "ለአርባ ዓመት የዚህን ቤተ ክርስቲያን የፖም ኬክ የጋገሩ እጆች ዛሬ አረፉ" ሲሉ፣ ከሦስተኛው ረድፍ "ሠላሳ ሰባት" የሚል ድምፅ ተሰማ። በሹክሹክታ ነው ያለው፤ ነገር ግን ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ሹክሹክታ ያጎላል። ከዚያም ቀጥሎ "ሦስቱን ዓመት ዱቡክ ከተማ እህቷ ጋ ነበረች" አለ። ሁላችንም መሬት አየን። ባልየው ከፊት ወንበር ዞር አሉና "እውነቱን ነው፤ ሦስቱን ዓመት ተኳርፈን ነበር" አሉ። ከተማው ይህን አያውቅም ነበር።

በየዓመቱ የሟች ወታደሮች መታሰቢያ ቀን፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ ከንቲባው "ጀግናችን ቨርለን ዱዴክ" ብለው ይጠሩታል። በየዓመቱ ድምፅ ማጉያውን ይቀበላቸዋል። "ለትክክለኛነቱ ያህል፣ ጀግና አይደለሁም። ቬትናም መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ቦት ጫማ ነው ያደልኩት። ዘጠኝ ተኩል ቁጥር ሁልጊዜ ያልቅብን ነበር።" ሰው ይስቃል። አንድ ዓመት ግን ከሌላ ከተማ የመጣች ሴት "ማደል ብቻ ነበር ሥራህ?" ብላ ጠየቀችው። "የሚመለሱትን ጫማዎችም እቀበል ነበር" አለና ድምፅ ማጉያውን መለሰ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀው የለም።

ዓርብ ዓርብ ዓሣ በምንበላበት ቤት መንገደኛ መጥቶ፣ የጦር ሠራዊት ኮፍያውን አይቶ፣ "ለአገልግሎትህ" ብሎ ቢራ ይልክለታል። ቨርለን ተነስቶ ይሄድና ስለ ቦት ጫማው ያስረዳል፤ ቢራውንም አልጠጣም ይላል። ቢራ ደግሞ አንዴ ከተቀዳ አይመለስም። በዚህ መንገድ ለሀገሬ አንዳች ነገር ሳላደርግ ብዙ ቢራ ጠጥቻለሁ።

ከጦር ሠራዊት ሲመለስ አንድ ትልቅ ክለብ ሞክሮት ነበር። የከተማው ሰው "ጦርነቱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የት በደረሰ!" እያለ እንዳያዝንለት እንኳ አይፈቅድም። "አሥራ አንድ ቀን ሞከሩኝ። ተጠምዝዛ የምትመጣ ኳስ መምታት አልቻልኩም። ከጦርነቱ በፊትም አልችልም ነበር" ይላል። ከዚያ አውራጃው የሚዛን ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጠረው፤ ሰውና ሥራ እንዲህ ተገናኝተው አያውቁም። አንድ የታወቀ ሥጋ ሻጭ፣ ቨርለን ገና ከማዶ መንገድ ሲሻገር ሲያየው አውራ ጣቱን ከሚዛኑ ላይ አንስቶ ኪሱ ይከት ነበር አሉ።

ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር። ያላስቻለኝ የሃያኛው ጨዋታ ነገር ነው።

ኮሌጅ ሳለን እኔ የጨዋታ መዝጋቢ ነበርኩ። መዝጋቢ ከአጥሩ ጀርባ እርሳስ ይዞ ተቀምጦ ይፈርዳል። መቺው ኳሷን መትቶ አንደኛው ቤዝ የሚባለው ማረፊያ በሰላም ከደረሰ፣ በራሱ ጉብዝና ነው ወይስ በተከላካዩ ድክመት? በጉብዝናው ከሆነ "ምት" ተብሎ ይጻፍለታል። ተከላካዩ መያዝ የሚገባውን ኳስ አበላሽቶ ከሆነ "ስህተት" ይባላል፤ ለመቺው ምንም አይጻፍለትም። ፍርዱ የመዝጋቢው ነው፤ ይግባኝ የለውም። ይግባኝ እንደሌለው ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም ተረድቷል።

በመጨረሻው ዓመት ቨርለን በተከታታይ አሥራ ዘጠኝ ጨዋታ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ምት አስመዘገበ። ይህም ኤልሮይ ቴሽ የሚባሉ ገበሬ፣ ተማሪ ሳሉ፣ ከእኛ አሥራ ስድስት ዓመት ቀድመው ካስመዘገቡት ጋር እኩል ነው። ሃያኛው የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታ ነበር። ቨርለን ሦስት ጊዜ መታ፤ ሦስቴም ተያዘበት። በመጨረሻው ዕድሉ ኳሷን መሬት ለመሬት ሰደዳት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የቆመው ተከላካይ ጎንበስ አለ፤ ኳሷ አመለጠችው። ቨርለን አንደኛው ቤዝ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "ምት" የሚል ተጽፏል።

በማግስቱ የጂምናዚየሙ መተላለፊያ ላይ ካለው የክብረ ወሰን ሰሌዳ የኤልሮይ ቴሽ ስም በነጭ ቀለም ተሸፈነ፤ ከበላዩ ባለው ባዶ ቦታ የቨርለን ስም ተጻፈ። ጨዋታው እንዳለቀ ግን ቨርለን፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር እንኳ ሳያራግፍ፣ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ነበር።

"ሌስ፣ ያ ስህተት ነበር።"

"ምት ነው።"

"በተከላካዩ ጓንት ሥር እኮ ነው ያለፈችው!"

"ምት ነው አልኩህ። ሂድ ታጠብ።"

ይህ ንግግር አርባ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ከቬትናም ሳይቀር ጽፎልኛል። አንዱ ደብዳቤ እንዳለ እንዲህ ይላል፦ "እዚህ ይዘንባል። ደህና ነኝ። ያ ስህተት ነበር።" ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ሆኖ ለሁለታችን ጤና ብርጭቆ ካነሳ በኋላ፣ ከመቀመጡ በፊት ያንኑ ነገር አነሳው። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ አነሳው።

ባለፈው ጸደይ ኮሌጁ የቨርለንን ፎቶግራፍ የክብር ግድግዳው ላይ ልስቀል አለ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ወይዘሪት ክሪስታ ሉንድ፣ ስልክ ደወለችልኝ።

"አቶ ሌስ፣ እባክዎ ይርዱን። አቶ ዱዴክ ፎቶዬ አይሰቀልም ብለውናል።"

"ምን ሆንኩ ብሎ?"

"'ሌስ ካልፈረመ' ነው የሚሉት። ምን እንደሆነ እኛም አልገባንም።"

እኔ ገብቶኛል። ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤታችን ድረስ መጥቶ በታይፕ የተጻፈ አንድ ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በሃያኛው ጨዋታ "ምት" ተብሎ የተመዘገበው "ስህተት" ተብሎ እንዲታረም መዝጋቢው ተስማምቷል ይላል። ከታች ሰረዝ አለ፤ ሰረዙ በማስመሪያ ነው የተሰመረው።

"ፈርም" አለኝ።

"አልፈርምም።"

"አቶ ቴሽ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ወር ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ነበሩ። ስማቸው በነጭ ቀለም እንደተሸፈነ ሊሞቱ ነው፣ ሌስ። የኔ ይፋቅ አላልኩም። የሳቸውም ከጎኔ ይጻፍ ነው ያልኩት። እኩል ነን።"

"ፍርዱ የመዝጋቢው ነው።"

"መዝጋቢው ግትር ነው!"

"መዝጋቢው ደክሞታል፣ ቨርለን።"

በሩን ሳያጋጭ ወጣ። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ማርሊስ ድንች ስትልጥ ሰምታ ነበር። "አንዲት ፊርማ ናት" አለችኝ። "ጓደኛህ አይደለም እንዴ? ምን ይጎድልብሃል?" መልስ ነበረኝ። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ግን ለሷም ነግሬያት አላውቅም።

በሳምንቱ ቨርለን እንደገና መጣ፤ የዓይን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ግራ ዓይኑ ተሸፍኗል። መንዳት ተከልክሏል። "ካልፈረምክ ካልፈረምክ ነው። እኔ ራሴ ሄጄ ለአቶ ቴሽ እነግራቸዋለሁ። አንተ ንዳ" አለኝ። ምን ልበል? ቁልፌን አነሳሁ።

አቶ ኤልሮይ ቴሽ እርሻቸው ቤት በረንዳ ላይ፣ የመራመጃ ብረታቸውን ከፊታቸው አቁመው፣ ጎረቤታቸው ሣር ሲያጭድ በዓይናቸው ይቆጣጠሩ ነበር። ልጃቸው ሰሃን ሙሉ አይብ አቅርባልን ገባች።

"እናንተ ልጆች፣ ምን እግር ጣላችሁ?" አሉን። የልጆቹ ዕድሜ ሲደመር መቶ አርባ ሁለት ነው።

ቨርለን አልተቀመጠም። ኮፍያውን አውልቆ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"አቶ ቴሽ፣ ክብረ ወሰኑ የእርስዎም ነው። ሃያኛው ጨዋታ ላይ የተጻፈልኝ ምት፣ ምት አልነበረም። የተከላካዩ ስህተት ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት ስምዎን ሸፍኜ ኖሬያለሁ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።" ድምፁ መጨረሻ ላይ ተሰበረ። ይህን ያህል እንደከበደው እስከዚያ ሰዓት አላወቅኩም ነበር። ነገሩ የግትርነት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

አቶ ቴሽ አይባቸውን አኝከው ጨረሱ።

"ምት ነበር" አሉ።

"አይደለም፣ አቶ ቴሽ።"

"ነው።"

"እርስዎ እኮ እዚያ አልነበሩም!"

"ማን ነው አልነበሩም ያለህ? ላሞቹን ለወንድሜ ትቼ፣ ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ አጥሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አሥራ ስምንተኛውንም፣ አሥራ ዘጠነኛውንም፣ ሃያኛውንም አይቻለሁ። እንድትከሽፍ ነው የመጣሁት፣ የኔ ልጅ! ያ ኳስ ስህተት እንዲሆን የፈለገ አንድ ሰው ሜዳው ላይ ከነበረ እኔ ነኝ። ኳሷ ጠጠር ነካች። ነክታ ወደ ጎን ዘለለች። ያ ምስኪን ምን ያድርግ? አራት እጅ ቢኖረው አይዛትም።"

"በጓንቱ ሥር ስታልፍ በዓይኔ..."

"አንተ እየሮጥክ ነበር። የሚሮጥ ሰው ምን ያያል? አሁንም የመጣኸው በአንድ ዓይንህ ነው።"

ቨርለን ቁጭ አለ። ሲታረም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሰው ሲታረም ፊቱን ምን እንደሚያደርገው አላወቀበትም። አንዴ ኮፍያውን ያያል፣ አንዴ አይቡን ያያል።

አቶ ቴሽ ወደ እኔ ዞሩ። "መዝጋቢው አንተ ነህ? ጎበዝ። ያን ዝላይ ከዚያ ርቀት ማየት ቀላል አይደለም። በእኔ ጊዜ እንዳንተ ያለ ዓይን ያለው መዝጋቢ አልነበረም።"

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ሁሉም ነገር በሰላም ያልቅ ነበር። አርባ ዘጠኝ ዓመት የተሟገትኩለት ፍርድ ጸደቀ፣ ምስክር ተገኘ፣ ተመሰገንኩ። ግን ከአንድ ሰው ጋር ይህን ያህል ሲኖሩ በሽታው ይተላለፋል መሰለኝ።

"ለትክክለኛነቱ ያህል፣ እኔ ኳሷን አላየኋትም" አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ።

በዚያ ዓመት መንግሥት ለጦርነቱ በልደት ቀን ዕጣ ያወጣ ነበር። ቀኑ ቀድሞ የወጣ ይሄዳል፤ መጨረሻ አካባቢ የወጣ ይቀራል። የቨርለን ልደት ዘጠነኛ ወጣ። የእኔ ሦስት መቶ አሥራ አንደኛ። አንድ መኝታ ክፍል ነበርን። ያ ጨዋታ ሲደረግ ኮሌጅ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከዚያ እሱ ወደ ጦር ሠራዊት፣ እኔ ወደ ጋዜጣ ቤት። ለመጨረሻ ጊዜ ሊመታ ሲገባ የዱላውን ድምፅ ሰማሁ፤ አንገቴን እንደደፋሁ "ምት" ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። ቢያዝበት ኖሮ በላጲስ አጠፋው ነበር። የምሰጠው ሌላ ነገር አልነበረኝም። የነበረኝ እርሳስ ነው።

ይህን ሁሉ እዚያ በረንዳ ላይ፣ አሁን ከጻፍኩት በባሰ አኳኋን፣ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ።

አቶ ቴሽ ትንሽ አሰቡበትና መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ልጃቸው ውሃ ይዛ ሮጠች። "አንዱ እያየ ተሳሳተ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፤ "አንዱ ሳያይ ልክ ሆነ። ምን ዓይነት ኮሌጅ ነው እናንተን ያስተማረው?"

ቨርለን አልሳቀም። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፣ አራት ቦታ አጠፈው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ፎቶው በመከር ተሰቀለ። ቨርለን ለመምጣት የተስማማው በአንድ ነገር ነው፦ በሰሌዳው ላይ "የቀድሞው ክብረ ወሰን" ተብሎ የአቶ ቴሽም ስም እንዲታይ። ነጩን ቀለም ራሱ በስለት፣ ቀስ እያለ፣ ፋቀው። ስሙ ከሥር ደህና ሆኖ ወጣ። አቶ ቴሽ በመራመጃቸው ተጠግተው ሲያነቡ ቆዩና "ከመጀመሪያውም አንድ ፊደል ገድፈውብኛል" አሉ። የቨርለን ፊት እንደዚያ ሲበራ ለብዙ ዓመት አላየሁም። ወይዘሪት ክሪስታን ክንዷን ይዞ ቀለም ፍለጋ ሄደ፤ ንግግሩ ግማሽ ሰዓት ዘገየ።

እኔ ግን ላወራችሁ የፈለግኩት ከአቶ ቴሽ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ የሆነውን ነው።

ሃያ ደቂቃ ያህል ውጭ ውጭውን እያየ ሄደ። እኔም መንገዱን እያየሁ ነዳሁ። ተቀይሞኛል ብዬ ነበር። በዕድሜው ሙሉ ያልተገባውን ነገር አልቀበልም ያለ ሰው፣ ያንን ምት በአዘኔታ እንደጻፍኩለት ሰማ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እቀየማለሁ።

"ሌስ" አለኝ በመጨረሻ።

"አቤት።"

"የዚያን ቀን ዕጣው ሲወጣ አንተ አልነበርክም። መስማት አልችልም ብለህ ወጣህ።"

"ወንዙ ዳር ስዞር ነበር።"

"በዚያ ብርድ" አለ። "እኔ ሬዲዮው ጋ ነበርኩ። የኔ ወዲያው ወጣ። ሌሎቹ ልጆች የየራሳቸውን እየሰሙ አንድ በአንድ ወጡ። እኔ ቁጭ አልኩ።"

"ያንተ ወጥቶ የለ? ምን ትሠራ ነበር?"

"ያንተን እየጠበቅኩ ነዋ።"

ከፊታችን ቀስ ብሎ የሚሄድ ትራክተር ነበር። ማለፍ እችል ነበር፤ አላለፍኩትም።

"ሦስት መቶ አሥራ አንድ እስኪደርስ?"

"ሦስት መቶ አሥራ አንድ እስኪደርስ።"

"ከዚያስ?"

በተሸፈነው ዓይኑ በኩል ስለተቀመጥኩ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

"መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያህል ጠላሁህ" አለ። "ከዚያ ደስ አለኝ።"

"አሥር ደቂቃ" አልኩ።

"አሥራ ሁለት ቢሆን ነው።"

የሱ ቤት መታጠፊያ ደረሰ። አልታጠፍኩም፤ ወንዙን ይዤ ቀጥታ ነዳሁ። ቨርለን በደህናው ዓይኑ መታጠፊያውን አየው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አደረገና መስኮቱን ከፈተ።